ያልረጠበ ምርቃት

ዘንድሮ በዓል መብላት ብቻ መሆኑ ቀርቷል፤ መስጠትም ተጨምሮበታል። ስልካችሁን ከፈት ከማድረጋችሁ «ለገና ለሕፃን ልጅዎ የሚሆኑ፣ ኪስ የማይጎዱ ስጦታዎች» የሚል ነገር ዘሎ ፊታችሁ ላይ ጉብ ይላል። እኛ እንግዲህ ገና ሲባል የምናውቀው ዱላና ሩር ነው። ሩር ያቺ በዱላ የምትለጋው የቆዳ ኳስ ናት፤ ከእሷ የሚገኝ ስጦታ ቢኖር የቅልጥም እብጠት ነው። ለዚያውም «በገና ጨዋታ አይቆጡም ጌታ» ተብሎ ካሳ የማይጠየቅበት።

እስቲ እናንተው ፍረዱኝ፤ ትናንት ዳዴ ትል የነበረች፣ ዛሬ «ወፌ ቆመች» የተባለላት ልጅ ስጦታ ምኗ ነው? ውዱን ብትሰጧት አፏ ውስጥ ትከተዋለች፤ ርካሹንም ብትሰጧት እዚያው ነው። ቢሆንም ዘመድ ነን ስንል ባዶ እጃችንን ለመቅረብ እናፍራለን፤ እናም ገበያ እንወጣለን።

ይህን የምለው ደርሶብኝ ነው። እኔ ፍኖተ ሰላም ውስጥ ልብስ ሰፊ ነኝ። ባለፈው ገና ታናሽ እህቴ ብርቱካን ከአዲስ አበባ የመጀመሪያ ልጇን ታቅፋ እኔ ቤት መጣች። ልጅቷ ሐሴት ትባላለች፤ ስትራመድ የሰከረች የምትመስል፣ ጉንጯ የሚያስጎመጅ ልጅ ናት። አባታችን ደግሞ ይችን የልጅ ልጃቸውን ለመጀመሪያ ጊዜ ሊያዩ ከቡሬ ገጠር መጡ። ዕድሜ ልካቸውን ሲያርሱ የኖሩ ሰው ናቸው፤ አሁን ጉልበታቸው ከድቷቸው መኪና የሚሳፈሩት ተደግፈው ነው። በደወልኩ ቁጥር የሚሉኝ አንድ ነገር ነበር። «ያችን ልጅ በእጄ ዳብሼ ሳልመርቃት እንዳልሞት ብቻ።»

እንደደረሱ ቋጠሯቸውን ፈቱና በርበሬ አወጡ፤ መቼም የቡሬ ሰው ያለ በርበሬ ከቤቱ አይወጣም። «ይኸ ለእናቲቱ» አሉ።

«ለልጅቷስ አባባ?» አልኳቸው።

«ለእሷማ የእሷን ይዣለሁ» አሉና አፋቸውን በመዳፋቸው ጠረግ አደረጉ። ምን እንደያዙ ገባኝ። በእኛ አገር ሽማግሌ ሲመርቅ በቃል ብቻ አያበቃም። «እደጊ! ተመንደጊ!» ካለ በኋላ «እንትፍ! እንትፍ!» ይላል፤ ዝናብ ባይሆን እንኳ ካፊያ አይጠፋውም። እኔም እህቴም በዚሁ ካፊያ ነው ያደግነው።

ብርቱካን ግን ወዲያው ወደ ስፌት መኪናዬ ጥግ ጎተተችኝ። «ጋሼ፣ በሞቴ፣ አባባን በዘዴ ንገርልኝ። እንትፍ እንዳይሉባት። በቀደም ሳንባ ምች ይዟት ሐኪም ቤት ተኝታ ነው የወጣች። ሲያስላት አላየሃት፤ ነፍሴ ነው የወጣው።»

«ለምን አንቺው አትነግሪያቸውም?»

«እኔማ በምን አፌ!»

በእኔ አፍ መሆኑ ነው። ጎጃም ውስጥ ደግሞ አባት በቀጥታ «ተው» አይባልም፤ ዳር ዳር ይባላል። እናም ከአዲስ አበባ አየር ጀመርኩ፤ በጭስና በአቧራው አለፍኩ፤ የከተማ ልጅ ሳንባው ስስ መሆኑን አነሳሁ፤ «ሐኪሞቹማ ለእንዲህ ያለ ልጅ እርጥበት አይስማማውም ይላሉ» ብዬ ላቤን ጠረግሁ። አባባ አንዴም ሳያቋርጡ ሰሙኝ።

«ገባኝ ልጄ» አሉ። «እንግዲያ አልመርቃትም ማለት ነው።»

«ኧረ አባባ! በቃል ይመርቋታል እንጂ!»

«ያልረጠበ ምርቃት አይበቅልም» አሉና ጋቢያቸውን እስከ አፍንጫቸው ተከናነቡ። ገበሬ ናቸውና ስለሚበቅልና ስለማይበቅል ነገር ምን ብዬ ልከራከር! ሰውዬው የያዙት ስጦታ ያ ብቻ ነበር፤ እሱኑ ከአፋቸው ቀማኋቸው።

ይባስ ብሎ ልጅቷም እሳቸውን ባየች ቁጥር ታለቅሳለች። ጺሙ ይሁን ጋቢው፣ እሷ ታውቃለች። እኔም እንግዲህ ሌላ ስጦታ ልፈልግላቸው፣ በእጃቸው ሲሰጧት ትለምዳቸዋለች ብዬ ተነሳሁ። መጀመሪያ ከገበያ ሸራ ላይ ከተዘረጋው የፕላስቲክ ዕቃ መሃል አንዲት መኪና መረጥኩ። ለካ እንደ አምቡላንስ የምትጮህ ኖራለች! አባባ ሲሰጧት መኪናዋም ጮኸች፣ ልጅቷም ጮኸች፤ ጎረቤት ምን ሆናችሁ ብሎ መጣ። በዚያ ላይ የባትሪዋ መክደኛ ተጣብቆ ዝም የሚያሰኛት ጠፋና በብርድ ልብስ ጠቅልለን ጓዳ አስቀመጥናት።

ቀጥዬ በሙያዬ መጣሁ። ከቁርጥራጭ ጨርቅ አሻንጉሊት ሰፋሁ፤ ለዓይኗም ከአሮጌ ካፖርት ሁለት ትልልቅ ቁልፍ ነቅዬ ተከልኩላት። እውነቴን ነው፣ እኔ ወድጃት ነበር። ሐሴት አንዴ አየቻትና እናቷ ቀሚስ ውስጥ ገባች።

«ጋሼ» አለች ብርቱካን፣ «አሁን ይኸ አሻንጉሊት ነው ወይስ ሌባ?»

አሻንጉሊቷ ዛሬም ሱቄ ውስጥ አለች፤ መርፌ እሰካባታለሁ።

እኔ እንዲህ ስዳክር አባባን ማየት ነበረባችሁ። «እኛ በምን አደግን?» ብለው ሊቆጡ ይችሉ ነበር፤ ቢቆጡም የሚመልስላቸው አልነበረም። አንድ ቀን እንኳ ቅር ያለው ሰው ፊት አላሳዩንም። ልጅቷ በአጠገባቸው ስታልፍ ትንፋሻቸውን ዋጥ አድርገው ፊታቸውን ወደ ግድግዳው ያዞሩላታል። ስትተኛ ከበሩ ላይ ቆመው፣ አፋቸውን በጋቢ ይዘው ያይዋታል። ወዳጆቼ፣ ፍቅር ብዙ ዓይነት አይቻለሁ፤ ትንፋሹን የሚቆጥብ ግን አባቴን ብቻ አየሁ። ብርቱካንም አይታቸው ኖሮ ጓዳ ገብታ ዓይኗን ስታብስ አገኘኋት።

የገና ዕለት ከቤተ ክርስቲያን መልስ ዶሮው ተበላ፤ ዳቦው ተቆረሰ። ከዚያ እንደ ልማዳችን አባባ ቤቱን መረቁ። እኔም ተነስቼ ጉልበታቸው ላይ ተደፋሁ።

«መርፌህ አይሰበር! ክርህ አይበጠስ! በቀጠሮህ የምትገኝ ያድርግህ!» አሉ። ይቺን የመጨረሻዋን ከደንበኞቼ ጋር ሳይመክሩባት አልቀሩም። ቀጥሎ የታፈነው ሁሉ እኔ ላይ ወረደ። «እንትፍ! እንትፍ! እንትፍ!» ራሴ መላጣ ነው፤ አንዲትም ጠብታ አላመለጠችኝም።

በዚህ መሃል ከኋላዬ አንድ ሳቅ ተሰማ። ሐሴት ናት! ከመጣች ጀምሮ እንዲህ ስትስቅ አልሰማናትም። ለካስ እኔን የሚያህል ሰውዬ ተደፍቶ እንትፍ ሲባልበት ማየት ከመኪናም ከአሻንጉሊትም ይበልጥ ኖሯል። የእናቷን ቀሚስ ለቀቀች። እየተንገዳገደች መጣችና አባባ ፊት ቆመች። ጺማቸውን ቀና ብላ አየችው። አላለቀሰችም።

ከዚያ «እንትፍ!» አለችባቸው።

እሷ እንግዲህ የካፊያውን ልክ አታውቅም፤ ዶፉን ነው ያወረደችው። ጺማቸው ላይ አረፈ። ብርቱካን «ሐሴት!» ብላ በድንጋጤ ተነሳች። አባባ ግን ዓይናቸውን ጨፍነው፣ ራሳቸውን ዝቅ አድርገው፣ ጳጳስ የባረካቸው ያህል፦

«አሜን!» አሉ።

ቀጥሎ ልጅቷ እኔ ስደፋ አይታ ኖሮ ትንሿን ራሷን ጉልበታቸው ላይ ደፋች። አባባ እጃቸውን ፀጉሯ ላይ አደረጉ። ከንፈራቸው ግን እንደተዘጋ ነው። ቀና ብለው ብርቱካንን አዩዋት፤ ያን የሚያህል ሽማግሌ ልጁን ፈቃድ ሲለምን ማየት አይጣል ነው።

«ምን ይጠብቃሉ አባባ?» አለች ብርቱካን፣ እንባዋ እየወረደ። «ልጅቷ ተደፍታ የለም እንዴ! ይበሉ እንጂ!»

«እደጊ ልጄ! ተመንደጊ! ለእናትሽ ክፉሽን አያሳያት! ዋርካ ሁኚ፣ አገር ይጠለልብሽ!» አሉ። እንትፍ የሚባልበት ቦታ ላይ ሲደርሱ ግን ቆም አሉ። ጺማቸው ላይ የቀረችውን ጠብታ በአውራ ጣታቸው ነካ አደረጉና በልጅቷ ግንባር ላይ ቀቧት።

«የራሷ ነው» አሏት ብርቱካንን፣ «አይጎዳትም። ረጥቧል፤ ይበቅላል።»

ብርቱካን አላስቻላትም። ልጇ አጠገብ ተንበርክካ «እኔንስ አባባ?» አለች። ለእሷ አልቆጠቡላትም፤ ከኔ የተረፈውን ሁሉ ሰጧት።

እናትና ልጅ ወደ አዲስ አበባ በሚመለሱበት ቀን ሐሴት ከአባባ ጉልበት ላይ አልወርድ ብላ አውቶቡሱ ሊያመልጣቸው ነበር። እኔን በስንብት ሁለት ጊዜ፣ ሾፌሩን አንድ ጊዜ እንትፍ አለችን። ብርቱካን እንደነገረችኝ ደምበጫ እስኪደርሱ ያልተመረቀ ተሳፋሪ አልነበረም።

ሰንበት ብላ ደወለች። ድምፅዋ አላማረኝም።

«ጋሼ፣ ጉድ አደረጋችሁኝ! ሐሴትን የማውልበት የሕፃናት ማቆያ ኃላፊዋ አስጠርታኝ ነበር። ልጅሽ ሞግዚቶቹን ሁሉ እንትፍ ትላለች፣ ይኸ ምን ዓይነት አስተዳደግ ነው አለችኝ።»

«እና ምን አልሻት?»

«‹አሜን በሉ› አልኳት።»