የአማቴ ሽጉጥና የፋብሪካው ደብዳቤ

የተማረ ሰው አይከበርም የሚሏችሁን አትመኗቸው። ይከበራል። ብቻ ተምሮ ሩቅ መሄድ አለበት። ተምሮ ወረታ የተቀመጠ ሰው ግን ቴሌቪዥን ሲበላሽ ይፈለጋል፣ የጎረቤት ልጅ ሒሳብ ሲቸግረው ይጠራል፣ ለቅሶ ቤት ድንኳን ሲተከል ደግሞ "ኢንጂነር፣ እስቲ ያችን ገመድ ያዝ" ይባላል። ገመዱን እይዛለሁ። ያ ሰው እኔ ነኝ።

በደሌን አስቀድሜ ልንገራችሁና ይውጣልኝ። እኔ ባልነግራችሁም ባለቤቴ ውብነሽ ትነግራችኋለች፤ ከእኔ ይልቅ እሷ በቃሏ ይዛዋለች። ዩኒቨርሲቲ ሜካኒካል ምህንድስና ስማር የመመረቂያ ጽሑፌን የሠራሁት ብረት ለምንና እንዴት እንደሚሰነጠቅ ነበር። አንድ ዓመት ሙሉ ስንጥቅ ሳይ ከረምሁ። ከዚያ አንድ የክፍሌ ልጅ ሽፋኑን ቀይሮ፣ የራሱን ስም ጽፎበት፣ እዚያው በረዳት መምህርነት ተቀጠረበት። አመለከትሁ። "እናየዋለን" አሉኝ። ይኸው አሥራ ሁለት ዓመት እያዩት ነው። እኔ ተመልሼ የሩዝ መፈልፈያ ማሽን እጠግናለሁ። ብሎኑን ካጠበቅሁ በኋላ የማሽኑን ባለቤት አስቀምጬ ይችኑ ታሪክ እነግረዋለሁ። ታሪኩን ፈርተው ማሽናቸውን ሳያስጠግኑ እንደተበላሸ የሚጠቀሙበት ደንበኞች አሉ ይባላል። ስም ማጥፋት ነው እንዳልል ሁለቱን አውቃቸዋለሁ።

ወደ ሽጉጡ ልምጣ። አማቴ አቶ ዘለቀ ከከተማው ወጣ ብሎ ፎገራ ሜዳ ላይ ሩዝ የሚዘሩ፣ ከብት የሚያረቡ ሰው ናቸው። ጭቃ ውስጥ ሲውሉ የድሮው ጠመንጃ ስለከበዳቸው ቤት ሰቀሉትና በፈቃድ ሽጉጥ ገዙ። አምስት ጥይት የሚጎርስ፣ ጎራሹ የሚሽከረከር፣ ገላው ከአሉሚኒየም ቅይጥ የተሠራ። ቅለቱ ጉድ አሰኘ። ገበያ ላይ፣ ለቅሶ ላይ፣ ከእጅ ወደ እጅ እየዞረ ተመዘነ። "ከባዶ ቅል አይበልጥም" ብለው አደነቁለት።

ቀላል ዕቃ የሚቀለው ግን ከአንድ ቦታው ላይ ተቀንሶለት ነው። ይህን ሽጉጥ የሠሩት ሰዎች ያሰቡት ዕድሜውን ኪስ ውስጥ ስለሚኖርና በጭንቅ ቀን አንዴ ስለሚተኮስ ዕቃ ነበር። ፎገራ ላይ ሽጉጥ እንዲህ ሥራ ፈቶ አይቀመጥም። ሠርግ አለ፣ ለቅሶ አለ፣ ክርስትና አለ። ተኩስ ክልክል ነው፤ ክልክል መሆኑን የነገሩንን ሰዎችም ሠርጉ ላይ እናገኛቸዋለን። አማቴ ፋብሪካው ለአንድ ዕድሜ ያሰበውን ተኩስ በሁለት ዓመት ጨረሱት።

አንድ ቀን እንድወለውለው ሰጡኝ። አፈሙዙ ተጠምዝዞ ገላው ውስጥ በሚገባበት፣ ከሥር በኩል፣ ፀጉር የምታህል መስመር አየሁ። እውነቱን ልናገር፤ መጀመሪያ የተሰማኝ ድንጋጤ አይደለም፤ ደስታ ነው። ስንት ዓመት ስጠብቃት የኖርሁት ስንጥቅ አማቴ ወገብ ላይ ተገኘች።

"አባባ፣ ይህ ሽጉጥ ከእንግዲህ አይተኮስም። ተሰንጥቋል። እጅዎን ይዞት ይሄዳል።"

"የቱ ጋ?"

ነጭ ጋዝ ቀባሁት፣ ጠረግሁት፣ የጠመኔ ዱቄት ነሰነስሁበት። ስንጥቁ ውስጥ የቀረው ጋዝ ጠመኔውን አርሶ ቀጭን መስመር አሰመረ። ዩኒቨርሲቲ ብሆን ይጨበጨብልኝ ነበር።

"ቅድም አልነበረም እኮ" አሉ። "አንተ ጋዝ ስትቀባው ነው የመጣ።"

"ነበረ አባባ፤ ጋዙ አጋለጠው እንጂ።"

"ጋዙን የቀባኸው አንተ ነህ።"

"አባዬ፣ የተማረው እኮ ይህንኑ ነው" አለች ውብነሽ ልታግዘኝ።

"ምን ጠፋኝ ልጄ፤ ስንቴ ነግሮኛል። ሽጉጡን የሠራው ግን ፋብሪካ ነው። ፋብሪካው አይተኮስም ካለ እሰማለሁ። ካላለ የእህትሽ ሠርግ ለጥር ነው፤ ሙሽራው ከደጅ ሲደርስ አምስቱንም አጮኸዋለሁ።"

እንግዲህ ያን ጊዜ ታኅሣሥ ገብቷል። የአማቴ ቀኝ እጅ ባሕር ማዶ ያለ ፋብሪካ በሚለው ላይ ተንጠለጠለ።

ከሽጉጡ ጋር የመጣው መመሪያ ጀርባ ላይ የዕድሜ ልክ ዋስትና የሚል ነገርና የኢሜይል አድራሻ አለ። አራት ገጽ ጻፍሁ። ሦስቱ ስለ ስንጥቁ ነው። አራተኛው ስለ በደሌ ነበር፤ ውብነሽ አንብባ "ፋብሪካውን ምን አገባው?" ብላ አስወጣችው። መልሱ ወዲያው ደረሰ። የሰለጠነ አገር ማለት ይህ ነው ብዬ ለጎረቤት ሁሉ ካወራሁ በኋላ ሳነበው፣ ስለጻፍሁላቸው የሚያመሰግነኝ ኮምፒውተር ነው። በሳምንቱ ሰው ጻፈልኝ። ሽጉጡን ወደ ጥገና ክፍላችን ላክ፣ ከመመሪያው ውጭ የሆነ ነገር ደርሶበት ከሆነም ግለጽ ይላል። አማቴን ጠየቅኋቸው።

"ምንም አልደረሰበት" አሉ። ነጠላቸውን አስተካከሉና "ወንዛዬ ፍል ውኃ ስገባ አብሮኝ ገባ እንጂ።"

"ውኃው ውስጥ?"

"ታዲያ ለማን ላስቀምጠው? እዚያ ሁሉም ራቁቱን ነው፤ ሌባውን በምን ለይቼ? ደግሞ አይዝግም ያልኸኝ አንተ ነህ።"

ብያለሁ። አሉሚኒየም እንደ ብረት አይዝግም ብዬ አስረድቻቸው ነበር፤ ከነገርኋቸው ሁሉ ያመኑኝ ይችኑ ብቻ ነው። ሰባት ቀን በአንገታቸው አንጠልጥለውት ታጥበዋል። ለወገባቸው በጅቷቸዋል። ለፋብሪካው ግን "ምንም አልደረሰበትም" ብዬ ጻፍሁ። ወረቀት ላይ ያልሆነ ነገር የሚጽፉ ሰዎችን አሥራ ሁለት ዓመት ስረግም ኖሬ፣ ተራዬ ሲደርስ አንድ ደቂቃም አልፈጀብኝ።

መላኩም አልሆነ። ፖስታ ቤት ሄጄ ሽጉጥ በፖስታ መላክ ይቻል እንደሆነ ስጠይቅ ሠራተኛዋ መጀመሪያ እኔን፣ ቀጥላ በሩ ላይ ያለውን ጥበቃ አየች።

"ለማን ነው?"

"ለሠሪዎቹ።"

"ጥይቱም አብሮ ነው?" አለች ረጋ ብላ። ጥበቃው ወንበሩን ወደ እኔ ሲያስጠጋ ቸር ዋሉ ብዬ ወጣሁ።

ለፋብሪካው እንደገና ጻፍሁ። መላክ አይቻልም፤ ፎቶውን አይታችሁ "አትተኩሱት" የምትል አንዲት መስመር ብትጽፉልኝ የአንድ ሽማግሌ እጅ ይተርፋል አልሁ። ሽጉጡን በዓይናችን ሳናይ አስተያየት አንሰጥም፣ እባክህ ላከው አሉኝ። ሦስት ጊዜ ጻፍሁ፣ ሦስት ጊዜ ያንኑ መለሱልኝ፤ የሚለወጠው የፈራሚው ስም ነው። ሠርጉ አምስት ቀን ቀረው። አማቴ ጥይቶቹን በነጠላቸው ጫፍ ሲወለውሉ አገኘኋቸው።

በማግሥቱ እንድሪስ ጋ ሄድሁ። እንድሪስ ጽሕፈትና ፎቶ ኮፒ ቤት ያለው ወዳጄ ነው። የፋብሪካውን አርማ ከመመሪያው ላይ ቀዳን። ከሥሩ የጻፍሁትን ገምቱ። የመመረቂያ ጽሑፌን ሁለት አንቀጽ፣ ለሽጉጡ አስማምቼ። ቀጭኑ ግድግዳ፣ ከልክ በላይ የጠበቀው ጥርስ፣ ተኩስ በተተኮሰ ቁጥር የምታድገው ስንጥቅ፤ መጨረሻው ላይ "ይህ ሽጉጥ ፈጽሞ እንዳይተኮስ"። እንድሪስ አትሞ ሲሰጠኝ ወረቀቱን አገላብጦ አየው።

"ማኅተም የለውም?"

"የውጭ ፋብሪካ ማኅተም አይጠቀምም።"

"አማችህ ግን ይጠቀማሉ" አለኝ።

ክብ፣ ሰማያዊ፣ መሐሉ ላይ ጥርሳም ጎማ ያለበት ማኅተም ሠራንለት።

አማቴ ደብዳቤውን ቆመው ነው ያዳመጡት። እኔ ከእንግሊዝኛው እየተረጎምሁ አነበብሁላቸው፤ በቃሌ እንደማውቀው እንዳያስታውቅብኝ ዓይኔን ከወረቀቱ ሳልነቅል። ስጨርስ ማኅተሙን በጣታቸው ዳበስ አደረጉ። "ሳያዩት" አሉ። "ቦታውን እንኳ አልሳቱት።" ጥይቶቹን አውጥተው መሐረብ ውስጥ ቋጠሩ። ያን ቀን እፎይ ብዬ ራት ሳልበላ እንቅልፍ ወሰደኝ።

የሠርጉ ዕለት ሙሽራው ሲደርስ የሁሉም ዓይን አማቴ ላይ ነበር። እጃቸው ወደ ወገባቸው አልሄደም። "ምነው አቶ ዘለቀ፣ ልጅዎ አይደለችም?" ብሎ አንዱ ወረፋቸው። ከኮታቸው ኪስ ደብዳቤውን አወጡና ለእኔ ሰጡኝ።

"እስቲ አንብብላቸው።"

አነበብሁ። ድንኳን ሙሉ ሰው ጸጥ ብሎ የገዛ ዐረፍተ ነገሮቼን አዳመጠ። የሽማግሌ ራስ ሲወዛወዝ አየሁ። ዩኒቨርሲቲው ያን ያህል አዳምጦኝ አያውቅም።

"የተማረ ማለት እንዲህ ነው" አሉ አማቴ። "ባሕር ማዶ ተቀምጦ ፎገራ ያለ ስንጥቅ ያያል።" ከዚያ እኔን አዩኝና ቅር እንዳይለኝ ብለው ጨመሩ፦ "ይህም ልጅ ሞክሮ ነበር። ጋዝ ቀብቶታል።"

ውብነሽ ጽሑፉን ታውቀዋለች፤ ተማሪ ሳለሁ የተየበችልኝ እሷ ናት። ወጥ ለማስጨመር መስላ ተጠጋችኝና በጆሮዬ "አሁንስ ማንን ትከሳለህ?" አለችኝ።

ከወር በኋላ ከፋብሪካው ኢሜይል ደረሰኝ። ሽጉጡን ስላልላክህ ጉዳይህን ዘግተነዋል ይላል። ከሥሩ አንድ ጥያቄ አለ፤ በአገልግሎታችን ምን ያህል ረክተሃል፣ ከአምስት ስንት ትሰጠናለህ? ልሰድባቸው ተዘጋጅቼ ተቀመጥሁ። ደግሞ አሰብሁት። በዚያው ሳምንት አማቴን በሁለት እጃቸው በሬ ሲጠምዱ አይቻቸዋለሁ። አምስት ሰጠኋቸው። አስተያየት ካለህ በሚለው ሳጥን ውስጥም "ደብዳቤያችሁ እጅግ ግሩም ነበር" ብዬ ጻፍሁ።