«መጀመሪያ ተቀመጪ» የሚሉ ሰዎች

ያኔ የአሥራ ሁለት ዓመት ልጅ ነበርኩ፤ ዘመኑም የደርግ። ከእንጦጦ የወረደ ጎርፍ የስልኩን ምሰሶ ገንድሶ፣ የወንዛችንን ድልድይ ጠራርጎ ሄደ። የቀበሌው ስልክ ጭጭ አለ። አባቴ ከወንዙ ማዶ ሱቁ ነበር፤ ይትረፍ አይትረፍ እናቴ አታውቅም።

ጉለሌ ግን ያለ ሽቦ መደዋወል ጀመረች። አባቴ ከማዶ ቆሞ፣ «ደህና ነኝ! ዞሬ እንዳልመጣ ሰዓት እላፊ ይደርሳል፤ እዚሁ አድራለሁ!» ብሎ ጮኸ። ከወዲህ ያሉት ባለሱቅ ሐጂ ለሸማኔው፣ ሸማኔው ደግሞ አጥር ላይ ተንጠላጥሎ ለጎረቤታችን ለእትዬ ወርቄ፣ አንዲት ቃል ሳትጎድል አደረሱ። የቀረው የእኛ አጥር ብቻ ነው።

እናንተ ሰፈር እትዬ ወርቄን የመሰለ ሰው የለም? ዜናን ያለ ሥርዓቱ የማይነግር? እሳቸው እንደ ሸማኔው በአጥር ላይ አይጮኹም። ነጠላቸውን ለብሰው፣ ሁለት ሴቶች አስከትለው፣ በዝግታ ገቡ።

«ምነው እትዬ?» አለች እናቴ።

«እስቲ መጀመሪያ ተቀመጪ፣ ልጄ።»

እናቴ ተቀመጠችና እሪ አለች። እንዲህ ተብሎ የሚነገር ሌላ ምን አለ? እትዬ ወርቄ «ደህና ነው እኮ!» ቢሉም ለቀስተኛው ማባበያ መሰለው። እድሩ ድንኳን ተከለ። እሳቸውም፣ ለቅሶ ቤት ነውና፣ አብረው አለቀሱ።

ጠዋት አባቴ መጥቶ ድንኳኑን ሲያይ ደንግጦ ጥጉን ይዞ ተቀመጠ። «ማን ነው?» አለ በሹክሹክታ።

አጠገቡ የነበሩት ሽማግሌ ቀና ብለው አዩትና፣ «አንተ» አሉት።

እናቴ ከዚያ ወዲህ ዜና ተቀምጣ ሰምታ አታውቅም። ከዓመታት በኋላ አባቴ በእውነት ያረፈ ዕለትም፣ ያቀረቡላትን ወንበር ገፋ አድርጋ ቆማ ሰማች።