በማኅተም ያደገች ልጅ

መንግሥት አንድ ነው ሲባል እሰማለሁ። እኔ ግን ዕድሜዬን በመዝገብ ቤት ጸሐፊነት የፈጀሁ ሰው ነኝና ቢያንስ ሦስት አውቃለሁ፤ የአዲስ አበባው ያዝዛል፣ የፍኖተ ሰላሙ አውራጃ ‹‹ለሚመለከተው ሁሉ›› ብሎ ያስተላልፋል፣ የቡሬው ወረዳ ደግሞ የታዘዘው እንዳይፈጸም አድርጎ ይፈጽማል። አሽሟጠጠ እንዳትሉኝ። የፈጻሚው ብዕር የእኔ ነበር።

በጃንሆይ ዘመን፣ ሐምሳዎቹ ሊያልቁ ገደማ፣ ዐሥራ አራት ዓመት ያልሞላው ልጅ ተቀጥሮ እንዳይሠራ የሚከለክል ሕግ ወጣ። ደግ ሕግ ነው፤ ያወጡት ሰዎች እጃቸው ይባረክ። ግን በዚያን ጊዜ ቡሬ ውስጥ የልደት ወረቀት ያለው ማን ነበር? ልጅ የሚመዘገበው በእናቱ ልብ ነው፤ ‹‹አንበጣው በመጣ በሁለተኛው ዓመት›› ተብሎ።

ጎረቤቴ አለሚቱ፣ ይታይሽ የምትባል የሰባት ዓመት ልጅ ነበረቻት። በመስከረም መጀመሪያ ትምህርት ቤት ወሰደቻት። ዲሬክተሩ እንደ ደንቡ እጇን በአናቷ ላይ አሳልፋ የወዲያ ማዶ ጆሮዋን እንድትነካ አዘዛት። ጣቷ አልደረሰም። ‹‹ለከርሞ›› ተባለች፤ እናቷም እስከዚያው በርበሬ መጋዘን አስገባቻት።

በሳምንቱ የአውራጃው ተቆጣጣሪ ከፍኖተ ሰላም መጣና መጋዘኑን ልናይ አብረን ገባን። ባለቤቱ አስቀድሞ ምሳ ጋብዞናል፤ ይህን መዝገብ ላይ አላሰፈርሁትም። ልጆቹ ክምሩን ከበው ዛላውን ይቀነጥሳሉ፣ ያስነጥሳሉ፣ እንባቸውን በክንዳቸው ይጠርጋሉ። ተቆጣጣሪው ዕድሜ የሚለይበት ቢያጣ ያንኑ የትምህርት ቤት ልክ ተዋሰ። ይታይሽን አስነሥቶ እጇን በአናቷ ላይ አሳለፈ። አልደረሰም። አንገቷን ቆልመም ሲያደርገው ግን ጣቷ የጆሮዋን ጫፍ ነካ።

‹‹ደርሳለች! ዐሥራ አራት ብለህ ጻፍ።››

‹‹ጌታዬ፣ ይህች እኮ ሰባት ዓመቷ ነው። ክርስትናዋን በልቻለሁ።››

‹‹አንተ የበላኸውን ሳይሆን እኔ የለካሁትን ጻፍ!››

ጻፍሁ። የዕድሜዋን ምስክር ወረቀት በሚያምር የእጅ ጽሕፈት፣ ማኅተም አሳርፌ።

አለሚቱ ማንበብ አትችልም። ወረቀቱን ሰጥተው የልጅሽ እጅ ጆሮዋን መንካቱን መንግሥት መሰከረ ሲሏት ግን እልል አለች። ልጅቷን አጥባ፣ ወረቀቱን በመሐረብ ጠቅልላ ወደ ትምህርት ቤቱ ገሠገሠች። ዲሬክተሩ አነበበና ራሱን ነቀነቀ።

‹‹እመት፣ ዐሥራ አራት ዓመቷ ነው እኮ! ለአንደኛ ክፍል አልፎባታል።››

ደሜ የሚፈላው እዚህ ላይ ነው። ልጅቷ ፊቱ ቆማለች፤ የወለቀው የፊት ጥርሷ ገና አልበቀለም! እናንተዬ፣ ዓይን ያለው ሰው እንዴት ወረቀት ያምናል?

ተቆጣጣሪው ወደ ፍኖተ ሰላም ሳይመለስ ደርሼ እንዲያርመው ለመንሁት። ‹‹በቡሬ ሕፃን ሠራተኛ የለም ብዬ ሪፖርት ልኬያለሁ። አሁን ሕፃን ከየት ላምጣ?›› አለና ባርኔጣውን አድርጎ ወጣ።

በበነጋው አለሚቱ ቢሮዬ መጣች። ትጮህብኛለች ብዬ ነበር፤ አልጮኸችም።

‹‹አያ ደምሴ፣ በአንድ ቀን ሰባት ዓመት ጨመራችሁባት። ይሁን፣ መንግሥት ናችሁ። ነገ አድጋ ‹በነዚያ ሰባት ዓመታት ለምን አላስተማርሽኝም› ብትለኝ ምን ልበላት?››

 ይታይሽ ወደ በርበሬው ተመለሰች፤ አሁን ሕጋዊ ሠራተኛ ስለሆነች ከዚያ ማንም ሊያስወጣት አይችልም።