የአቶ ደርበው ቤት ሮማዊነት

ስሟን ጠርተን ከማንም ጋር አንጣላም እንጂ፣ ሮማውያን የሠሯት፣ ዘመን ያፈረሳት፣ ማዘጋጃ ቤት የወረሳት አንዲት ትንሽ ከተማ ነበረች። በዚያች ከተማ አቶ ደርበው የተባሉ አስጎብኚ ሠላሳ ዓመት ሙሉ የሮማውያኑን ፍርስራሽ ለእንግዳ ሲያሳዩ ኖረዋል። የገዛ ቤታቸው ጣሪያ ግን ያፈስ ነበርና፣ ክረምት ሳይገባ ለማደስ ፈቃድ ከጠየቁ ይኸው ሰባተኛ ዓመታቸውን ይዘዋል።

በከተማይቱ ወግ ትልቅ እንግዳ ሲመጣ ያረጀ ነገር ሁሉ ኖራ ይቀባል። ስለዚህ የባሕር ማዶ ጎብኚዎች መምጣት በተሰማ ጊዜ፣ ክቡር ከንቲባው የሮማውያኑን መታጠቢያ ቤት አስለሰኑ፤ ቆርቆሮ አስመቱ፤ በርና መስኮት አስገጠሙ፤ የተሰበሩትን ዓምዶች በሲሚንቶ አስቀጥለው ሰማያዊ ቀለም አስቀቡ። እውነትም አምሮ ነበር። እንግዶቹ ግን ዞር ዞር ብለው አዩና «ፍርስራሹ የታለ?» አሉ።

ከንቲባውን ላብ አጠመቃቸው። ዓይናቸውን ወዲያ ወዲህ ሲያንከራትቱ፣ ከመንገዱ ማዶ የአቶ ደርበው ቤት ዘሞ ቆሟል።

«ያውና!» አሉ በጣታቸው እየጠቆሙ።

«ኧረ ክቡር ከንቲባ፣ ይሄ እኮ የኔ ቤት ነው!» አሉ አቶ ደርበው ደንግጠው። «አባቴ ናቸው የሠሩት!»

«አባትዎ ሮማዊ መሆናቸውን እስከ ዛሬ ለምን ደበቁን?» አሉ ከንቲባው ቅር ተሰኝተው።

በማግስቱ ቤቱ በቅርስነት ተመዘገበ። የሰባት ዓመቱ ማመልከቻም በመጨረሻ መልስ አገኘ፤ ቅርስ ማደስ በሕግ ያስቀጣል የሚል። ሰኔ ግም ሲል፣ ቤተሰቡ ደግነቱ ውጭ ሳለ፣ ጣሪያው ድርምስ አለ። አቶ ደርበው እንደ ልጅ ተንሰቅስቀው አለቀሱ። የቅርስ ኮሚቴው በሙሉ መጥቶ አጨበጨበ።

«እንኳን ደስ አለዎት! አሁን ገና ሮማዊ መሰለ!»

«እኛስ የት እንደር?» አሉ ባለቤታቸው ወይዘሮ አልጣሽ።

ኮሚቴው ተሰብስቦ፣ ሻይ ጠጥቶ፣ የሮማውያኑን መታጠቢያ ቤት የሚጎበኝ ሰው ስለሌለ ለመኖሪያነት እንዲሰጣቸው በሙሉ ድምፅ ወሰነ። ገቡበት። አያፈስም።

ዛሬ አቶ ደርበው አባታቸው ባቆሙት ግድግዳ መካከል እንግዳ ያዞራሉ። ቤቱ የራሳቸው መሆኑን ለእንግዳ ለመናገር ሁለት ጊዜ ሞክረው፣ ሁለት ጊዜ የጽሑፍ ማስጠንቀቂያ ደርሷቸዋል። ባለፈው ሳምንት አንዲት ጎብኚ በጥላሸት የጠቆረውን ምድጃ አይታ ሆዷ ባባ።

«እዚህ ይኖሩ የነበሩት ሰዎች መጨረሻቸው ምን ሆነ?» ብላ ጠየቀች።

አቶ ደርበው ቀና ብለው ከመንገዱ ማዶ አዩ። ወይዘሮ አልጣሽ በሰማያዊዎቹ ዓምዶች መካከል ገመድ ወጥረው ልብስ ያሰጣሉ።

«ጠፍተዋል» አሉ። «ምክንያቱ ገና በጥናት ላይ ነው።»