አስፋልት የሚያጠጡ ሰው

በየሰፈሩ ለአንድ ነገር ዘብ የቆመ ሰው አይጠፋም። አንዷ ሶፋዋን ከነላስቲኩ አኑራ እንግዳዋን እያንሸራተተች ታስተናግዳለች። ሌላው የቴሌቪዥኑን ሪሞት በፌስታል ጠቅልሎ፣ በጎማ አስሮ፣ ቁጥሮቹ ለራሱ እስከማይታዩት ድረስ ይጠብቀዋል። በመስታወት ቁምሳጥን የተደረደሩት ብርጭቆዎችማ የሚመጥናቸው እንግዳ ሳይመጣ ባለቤቶቻቸው ያረጃሉ። ፈጣሪ እንዲህ ዓይነቱን ሰው ለምን እንደፈጠረ ድሮ ይገርመኝ ነበር። አሁን ጎረቤቴ ስለሆኑ መገረሙን ትቼዋለሁ።

የእኛ ዘብ የሚጠብቁት አስፋልት ነው።

ክቡርነታቸው ጡረታ የወጡ የአውቶቡስ ሹፌር ናቸው። ሰፈሩ የሚጠራቸው «ጋሽ አስፋልት» እያለ ነው፤ እሳቸውም ስም እንደወጣላቸው ሳይሆን ማዕረግ እንደተሰጣቸው ቆጥረው «አቤት» ይላሉ። ቤታቸው ከእኛ ቤት ጀርባ ነው። የግቢው በር አንድ በመሆኑ መግቢያ መንገዳቸው የእኛን ደጃፍ ታክኮ ያልፋል።

ይህ መንገድ ድሮ ዋልካ አፈር ነበር። ዋልካን የማያውቅ ሰው ዕድለኛ ነው። ሲዘንብበት ያብጣል፣ ጫማ ከእግር ነጥቆ ያስቀራል። ፀሐይ ስትመታው ደግሞ ይጨማደድና ክንድ የሚውጥ ስንጥቅ ይከፍታል። በዐለት ላይ ስለተሠራ ቤትና በአሸዋ ላይ ስለተሠራ ቤት ከልጅነቴ ጀምሮ ስሰማ አድጌአለሁ። በዋልካ ላይ ስለተሠራው ግን የነገረኝ የለም፤ ለእኛ ለነዋሪዎቹ የተተወ ፈተና ይመስለኛል።

ጋሽ አስፋልት ዕድሜያቸውን ሙሉ በኮረኮንች ሲንገጫገጩ ኖረው፣ ጡረታ ሲወጡ የተመኙት አንድ ነገር ነው፤ ከቤታቸው ደጃፍ እስከ ዋናው መንገድ ሳይንገጫገጩ መድረስ። ዋልካውን አስቆፍረው አስወጡ፣ ገረጋንቲ የሚሉትን ጠንካራ አፈር አስሞሉ፣ ጠጠር አስነጠፉ፣ ሮለር አስመጡ። በመጨረሻ ያ ጥቁር፣ ትኩስ፣ የሚጨስ ነገር ተዘረጋ። ሲቀዘቅዝ አጎንብሰው በመዳፋቸው ዳሰሱት። በስተርጅና ልጅ የተወለደላቸው ይመስሉ ነበር። ከዚያ ወዲህ ሰላም የለንም።

የመንገዱ የመጀመሪያ ሕግ «ቆመህ መሪ አትጠምዝዝ» የሚል ነው። በሙቀት ጊዜ የቆመ መኪና መሪው ሲጠመዘዝ ጎማው አስፋልቱን እንደ ቆዳ ይልጠዋል ይላሉ። ታክሲ ወደ ግቢ ሲገባ ጎን ለጎን እየሮጡ «እየሄድክ፣ እየሄድክ ጠምዝዝ» ሲሉ ላያቸው፣ ሹፌሩን የሚያዋልዱት ነው የሚመስለው። ለገዛ መኪናቸውም አያዳሉም። ቀትር ላይ አውጥተው ጎዳና ዳር ያቆሟታል፤ አስፋልቱ ትንሽ ይረፍ ብለው።

ባለ ሞተር ሳይክል ዕቃ ይዞ ሲመጣ፣ ገና ሞተሩን ሳያጠፋ ቁራጭ ጣውላ ይዘው ከጎኑ ይደርሳሉ፤ የሞተር ማቆሚያ እግር በሞቀ አስፋልት ላይ ጉድጓድ ይተዋልና። በመኪና የመጣ እንግዳም ሰላምታውን ሳይጨርስ ከሞተሩ ሥር የተቆረጠ ጀሪካን ገብቶለት ያያል። አንድ ዘመዳችን መኪናው ዘይት እንደማያፈስ ተናግሮ ቢቀየም፣ «ሁሉም እንደዚያ ይላል» አሉት፣ ሐኪም በሽተኛውን እንደሚያይ በሐዘኔታ እያዩት።

እህቴ ደግሞ አንድ ቀን በጠራራ ፀሐይ፣ ባለ ረጅም ተረከዝ ጫማ አድርጋ ልትጠይቀን መጣች። ክቡርነታቸው በር ላይ ጠብቀው፣ እጅ ነስተው፣ ነጠላ ጫማ ከእግሯ ሥር አኖሩላት። ጫማዋንም በሁለት እጃቸው ይዘው እስከ በራችን ከኋላ ከኋላዋ አጀቧት። እህቴ አክብሮት መስሏት ስታወራው ትኖራለች። እኛም እስከ ዛሬ አልነገርናትም።

እኔም ብሆን ተታልያለሁ። አንድ ማለዳ መንገዱ መሀል ተንበርክከው፣ ግንባራቸውን መሬት ሊያስነኩ ትንሽ ሲቀራቸው አየሁና ልቤ ተነካ። ጸሎታቸውን ላለማቋረጥ በእግሬ ጣት አለፍኩ፤ እሳቸውን የመሰለ ጎረቤት ስለሰጠኝም አምላኬን አመሰገንኩ። ለካስ ስንጥቅ እየፈለጉ ነው። ሲያገኙ ሬንጅ ያፈሉና በአሮጌ የሻይ ማንቆርቆሪያ፣ ጠብታ ሳያባክኑ፣ ስንጥቁን ያጠጡታል።

ሰፈሩን ከሁሉ በላይ የሚያስቀው ግን የበጋው ሥራቸው ነው። ፀሐይ ስታዘቀዝቅ በባልዲ ውሃ ይዘው የአስፋልቱን ዳርና ዳር ያጠጣሉ። አላፊ አግዳሚው ቆሞ ያያቸዋል፤ አንዳንዱም ጤንነታቸውን ከእኔ ይጠይቃል። እሳቸው ግን ምክንያት አላቸው። ከዳር ያለው ዋልካ ፍጹም ከደረቀ ይሸሻል፣ ሲሸሽም አስፋልቱን እየጎተተ ይሰነጥቀዋል። «ዋልካ እንደ ሰው ነው» ይላሉ። «አንዴ አጥግበኸው አንዴ ስታስርበው ነው የሚያምፀው።»

በእሳቸው ላይ ፊት ለፊት የምትቀልድ አንዲት ሰው እናቴ ናት። እናቴ ዓይኗ ደክሟል፤ ጆሮዋና ምላሷ ግን እግዚአብሔር ይመስገን ደህና ናቸው። በመንገዱ ጠርዝ፣ ድሮ በእጇ የተከለችው ትልቅ የማንጎ ዛፍ አለ። በበጋ የቆርቆሮ ጣሪያችን ቤቱን ምድጃ ሲያደርገው፣ ደግፌ አወጣትና ጥላው ሥር ትቀመጣለች። ከአልጋዋ እስከ ዛፉ ያለችው ያቺ መንገድ የቀረቻት ብቸኛ ጉዞዋ ናት። እዚያ ሆና ሰውን በኮቴው እየለየች ሰላም ትላለች፣ ትመርቃለች፣ ትቀልዳለች።

«አንተ ልጅ፣ ብርድ ልብስ አልብሰው እንጂ፤ ሌሊት እኮ ይበርደዋል» ትላቸዋለች።

ሽበታሙ «ልጅ» ባልዲያቸውን አስቀምጠው በቁም ነገር ይመልሳሉ፤ «ለእሱ ብርዱ ምንም አይለው እማማ። የሚጎዳው ሙቀቱ ነው።»

ባለፈው በጋ ዝናቡ ዘገየ። ዋልካው ከየቦታው አፉን ከፈተ። አንድ ቀን ጋሽ አስፋልት መሀል መንገድ ቆመው ሳይንቀሳቀሱ አየኋቸው። በማንጎው አጠገብ ሰፊ ስንጥቅ አስፋልቱን ከዳር ዳር አቋርጦታል፤ አንዱ ወገን ዝቅ ብሏል፣ ሌላው ቀና ብሏል። ማንቆርቆሪያ የሚፈታው ነገር አልነበረም።

መንገዱን የሠራው ኮንትራክተር ተጠራ። ቆፍሮ አየና ነገሩን በግልጽ ነገረን። ዛፉ በድርቁ ተጠምቶ ከአስፋልቱ ሥር ያለውን እርጥበት ይመጠዋል፤ አፈሩ ይጨማደዳል፤ ሥሩም በዚያው ይሰድዳል። የላዩን መጠገን ዋጋ የለውም።

«ወይ ዛፉ፣ ወይ አስፋልቱ» አለ። «እኔ ብሆን ዛሬውኑ እቆርጠዋለሁ።»

ጋሽ አስፋልት ሰኞ እንዲመለስ ብቻ ነገሩት።

እነዚያን ቀናት እንዴት እንዳሳለፍኳቸው የሚያውቀው የምጸልይለት አምላክ ነው። ዛፉ ከተቆረጠ እናቴ የምትወጣበት የላትም፤ የቀረውን ዘመኗን የቤቱን ግድግዳ ስትዳስስ ልትኖር ነው። ሄጄ እንዳልለምናቸው ደግሞ መንገዱ የዕድሜ ልክ ምኞታቸው ነው፤ እኛም በጭቃው ጊዜ ሳይከለክሉን ስንሄድበት ኖረናል። ስንት ጊዜ እስከ በራቸው ደርሼ ተመለስኩ። ከእናቴም ደብቄው ነበር። ግን ከጆሮዋ ምን ይደበቃል።

«ቢቆርጠው እንዳትቀየሚው» አለችኝ እሑድ ማታ። «ሰው የለፋበት ነገር ያሳሳዋል።»

ሰኞ ኮንትራክተሩ መጋዙንም፣ የአስፋልት መቁረጫ ማሽኑንም፣ ሁለት ሠራተኞቹንም ይዞ መጣ። እናቴን ቤት አስቀምጬ በሩ ላይ ቆምኩ። ጋሽ አስፋልት የክት ኮታቸውን ለብሰው፣ ጠመኔ ይዘው ወጡ። ልጆች በጠመኔ እንዳያሰምሩበት ስንት ዓመት ያባረሩበት አስፋልት ላይ ተንበረከኩና፣ ከዛፉ ፊት ለፊት ትልቅ ግማሽ ክብ አሰመሩ።

«እዚህ ጋ ቁረጥ» አሉ።

ኮንትራክተሩ መጋዙን አንስቶ ወደ ዛፉ ሄደ።

«ዛፉን ማን አለህ? አስፋልቱን ነው።»

ሰውየው የሰማውን አላመነም። መንገዱ ይበላሻል፣ ቀጥ ያለ ውበቱ ይጠፋል፣ መኪናዋም በጭንቅ ነው የምታልፈው ብሎ ሊያስረዳቸው ሞከረ። ክቡርነታቸው ጉሮሯቸውን ጠረጉ። ዛፉ ጥላ ነው፤ ጥላ ከሌለ ደግሞ አስፋልት ይለሰልሳል፣ ይህንን በትምህርት ያልደረሰበት ካለ በቀትር መጥቶ በእግሩ ይሞክረው አሉ። ኮንትራክተሩ የዛፉ ጥላ ከመንገዱ ስንቷን ክንድ እንደሚሸፍን በዓይኑ ለካና ወደ እኔ ተመለከተ። እኔ ወደ መሬት አየሁ።

ማሽኑ ጮሆ አስፋልቱ ውስጥ ሲገባ ጋሽ አስፋልት ፊታቸውን ወደ አጥሩ አዞሩ፤ ልጁ መርፌ ሲወጋ ማየት እንደማይችል አባት። ሲያበቃ ዞረው የተቆረጠውን ጠርዝ በጣታቸው ነካ ነካ አደረጉት። ከዚያ ሥራ ያዙ። በግማሽ ክቡ ዙሪያ ቦይ ተቆፍሮ ጠጠር ተሞላ፣ ጠርዙ በድንጋይ ተያዘ፣ በዛፉ ዙሪያ ለስላሳ አፈር ተደለደለ። ዛፉ በዚህ በኩል ጠጥቶ ከጠገበ በስርቆት ወደ አስፋልቱ አይሄድም ብለው፣ የመጀመሪያውን ባልዲ ራሳቸው አፈሰሱለት። ያ እንደ መስመር ቀጥ ያለ መንገድ አሁን የተገመጠ ዳቦ መስሏል።

ከሰዓት በኋላ እናቴን ደግፌ አወጣኋት። በበትሯ መሬቱን እየነካካች መጣች፤ መጀመሪያ አስፋልቱን፣ ቀጥሎ የድንጋዩን ጠርዝ፣ ከዚያ አፈሩን። እዚያ ስትደርስ ቆመች። በበትሯ ግማሽ ክቡን ከጫፍ እስከ ጫፍ ዞረችው። ከዚያ ግንዱን በመዳፏ ዳሰሰችና ኮቴያቸውን አድምጣ ጠራቻቸው።

«አንተ ልጅ፣ ለእኔ ብለህ ነው?»

«ኧረ ለአስፋልቱ ነው፣ እማማ። ጥላ ይፈልጋል።»

እናቴ ውሸቱን መዝና እንደተቀበለችው ከፊቷ ገባኝ። እጇን ዘርግታ አየር ላይ ፈለገቻቸው፤ እሳቸውም ቆባቸውን አውልቀው ራሳቸውን ዝቅ አደረጉላት። መዳፏን ሽበታቸው ላይ አኖረች።

«እንግዲያው እግዚአብሔር አስፋልትህን ያለምልምልህ» አለች።

እኔ ሳቄ እንዳያመልጠኝ ፊቴን ወደ ግንዱ አዞርኩ። ጋሽ አስፋልት ግን አልሳቁም። ከእጇ ሥር ሳይነሱ፣ ቆባቸውን ደረታቸው ላይ እንደያዙ፣ «አሜን» አሉ።