እትዬ ሳዋኖና ነጭ ሸሚዝ የለበሰው ታጋች

ማንኛውም ጌም ቤት ሁለት ነገር ሳያሟላ በሩን አይከፍትም። አንዱ ሳንቲም የሚውጥ ማሽን ነው፤ ሌላው ከጀርባችሁ ቆሞ «እንደሱ አይደለም!» የሚል ሰው ነው። ማሽኑ አንዳንዴ ይበላሻል፣ ይጠገናል። ሰውየው ግን አይበላሽም። ሰኞም ሆነ በዓል እዚያው ነው፤ እጁን ከኋላው አጣምሮ፣ እናንተ ገና ያላያችሁትን ጠላት ቀድሞ አይቶ፣ ስለ እናንተ እያዘነ።

እኛ ሰፈር፣ ሳካይ ከተማ ውስጥ ጣራ በለበሰው የገበያ መንገድ መሃል፣ «ሂባሪ» በምትባለው ጌም ቤት ይህን ኃላፊነት የያዙት ክብርት እትዬ ሳዋኖ ናቸው፤ የቀዩ ሽጉጥ ባለቤት፣ የታጋቾች ሁሉ ጠባቂ፣ የነብር ሹራብ ለባሽ። ሹራባቸው ላይ የታተመው ነብር ከመታጠብ ብዛት አንድ ዓይኑ ጠፍቷል። ይህን የማውቀው የምሠራበት የልብስ እጥበት ቤት ከሂባሪ ፊት ለፊት ስለሆነና ነብሩንም ብዙውን ጊዜ የማጥበው እኔ ስለሆንኩ ነው። ዓይኑ የጠፋው በእኔ እጅ ይሁን በሌላ ሰው እስካሁን ይጨንቀኛል። እሳቸው ግን «ለማነጣጠር አንድ ዓይን ይበቃዋል» ብለው አልፈውታል።

እኔ፣ ቺጉሳ፣ የሚጨንቀኝ ሰው ነኝ። ደንበኛ ሲገባ ይጨንቀኛል፤ ሳይገባ ሲቀርም ይጨንቀኛል። አንድ ቀን በምሳ ሰዓት ከሙቀቱ ሸሽቼ፣ ከሂባሪ በር የሚወጣው ቀዝቃዛ አየር ጋ ቆሜ ሳለ ከውስጥ አንድ ድምፅ ጮኸ።

«አንቺ ልጅ! ሰማያዊውን አንሺ!»

ወደ ኋላዬ ዞሬ አየሁ። ማንም የለም።

«አንቺን ነው እንጂ! ብቻዬን ልሙት?»

ሰው በእኔ ምክንያት እንዲሞት አልፈልግም። ገባሁ።

ማሽኗ በዕድሜ ትበልጠኛለች። ወፍራም መስታወት፣ እንደ ድሮ ቴሌቪዥን ጀርባው ያበጠ ስክሪን፣ ከፊቱ በገመድ የታሰሩ ሁለት የፕላስቲክ ሽጉጦች አሏት፤ የግራው ቀይ፣ የቀኙ ሰማያዊ። ጨዋታውን ለማስረዳት አንድ ትንፋሽ ይበቃል። ክፉዎቹ ብቅ ሲሉ ትተኩሳላችሁ። ነጭ ሸሚዝ የለበሰው ታጋች እጁን ወደ ላይ ሰቅሎ ብቅ ሲል አትተኩሱም። ጥይት ሲያልቅባችሁ ከስክሪኑ ውጪ፣ ባዶ አየር ላይ አንዴ ስትተኩሱ ሽጉጡ እንደገና ይጎርሳል። በቃ፣ ይኸው ነው።

ፎቅ ላይ መነጽር ተደርጎ የሚገባባቸው አዳዲስ ማሽኖች አሉ። ሰዉ ለምን እዚህች አሮጊት ማሽን ፊት እንደሚቆም የገባኝ ቃታውን ስስብ ነው። ሽጉጡ እጄ ውስጥ እንደተያዘች ወፍ ተንፈራገጠ፤ የጠቆምኩበት መስኮትም ያኔውኑ ረገፈ። በሕይወቴ አንድ ነገር ጠቁሜ ያኔውኑ መልስ ያገኘሁት እዚያ ነው። ከሁሉም በላይ ደግሞ ሁለት ሰዎች ትከሻ ለትከሻ ቆመው ወደ አንድ አቅጣጫ ያያሉ። ዓይን ለዓይን መተያየት የለም፤ ምን ልበል ብሎ መጨነቅም የለም። «በግራ!» «አየሁት!» ከተባባልን የቀኑ ወሬ ሞልቷል።

እትዬ ሳዋኖ ብቻቸውን አይጫወቱም። አጋር ካጡ ሰው እስኪመጣ ከኋላ ቆመው የሌላውን ጨዋታ ያርማሉ። ከእርማቶቻቸው ሁሉ የከበረው «ውጪ ተኩሺ!» ነው። መጀመሪያ ትርጉሙ ጥይት አጉርሺ ማለት ብቻ መስሎኝ ነበር። ኋላ ግን የሂባሪ ባለቤት አቶ ካባያ የመብራት ሒሳብ አይቶ ፊቱ ሲጠቁርም «ውጪ ተኩስ!» ሲሉት ሰማሁ። እኔም የደንበኛ ኮት ላይ እድፍ አልለቅ ብሎኝ ላለቅስ ስል መንገዱን አቋርጠው መጡና «ዓይንሽን ከኮቱ ላይ አንሺ። ውጪ ተኩሺ። በይ አፍሽን ክፈቺ» ብለው ከረሜላ አጎረሱኝ። የእኛ አገር እትዬዎች ቦርሳ ያለ ከረሜላ አይንቀሳቀስም፤ የእሳቸው ግን ከቦርሳ ይልቅ የጥይት መጋዘን ነው የሚመስለው። ሽጉጡንም ሰውንም ማጉረስ ሥራቸው ነው።

ሁለተኛው ትምህርታቸው «ታች አትዪ!» ነው። ስክሪኑ ታች፣ በግራ ጥግ የቀዩ፣ በቀኝ ጥግ የሰማያዊው ተጫዋች ጥይቶችና ልቦች ተደርድረዋል። ክፉዎቹ ሲመቷችሁ ወይም ታጋች ስትመቱ አንድ ልብ ይወድቃል። እሳቸው ወደዚያ አያዩም።

«ታች የሚያይ ገና ተማሪ ነው» ይላሉ። «እኔ ጥይቴን በጆሮዬ ነው የምቆጥረው።»

እኔ ከታች ዓይኔን ነቅዬ አላውቅም። ምን ያህል እንደቀረኝ ሳላይ እንዴት ልተኩስ?

ሦስተኛው ትምህርት፣ ታጋች አይመታም። እትዬ ሳዋኖ ያንን ነጭ ሸሚዝ መትተው አያውቁም። ሰፈሩ ሁሉ ይህን ያውቃል፤ የማያውቅ ካለ ራሳቸው ይነግሩታል። እኔ ግን ሁልጊዜ እመታዋለሁ። እጁን ሰቅሎ «አትተኩሱ!» ብሎ ሲጮህ እደነግጣለሁ፤ ስደነግጥ ጣቴ ይሳባል።

ይህ ኩራት ያለ ስጋት ቢሆን ኖሮ ጥሩ ነበር። ሩቅ ናጎያ ከተማ የሚኖረው ልጃቸው ኖቡአኪ ግን በየሳምንቱ ይደውላል። እሳቸው ስልኩን ድምፅ ማጉያው ላይ አድርገው ነው የሚያወሩት፤ መንገዱ ሁሉ ይሰማል።

«እማዬ፣ ዓይንሽ ደክሟል። መኪናውን ተዪና እኛ ጋ ግቢ። ክፍሉ ተዘጋጅቷል።»

«ታጋች የመታሁ ቀን መንጃ ፈቃዴን ለፖሊስ መልሼ፣ ሻንጣዬን ይዤ እመጣለሁ። እስከዚያ ተወኝ።»

«የምን ታጋች?»

«ቻው።»

ቃላቸውን እንደማያጥፉ ሁላችንም እናውቃለን። ከዚያ ጥሪ ወዲህ ነጭ ሸሚዙ ብቅ ባለ ቁጥር መጀመሪያ የማየው እሳቸው መምታት አለመምታታቸውን ሆነ። ሌሎች ሰዎች የሚወዱት ሰው ጤና በሐኪም ወረቀት ላይ ያያሉ። እኔ በአንድ በተሳለ ሰውዬ ሕይወት ላይ አየው ነበር።

እንግዲህ የሆነውን ልናገር። የቀዩ ሽጉጥ ቃታ መላላት ስለጀመረ አቶ ካባያ ማሽኗን ዘግቶ ሆዷን ከፍቶ ጠገናት። በተከፈተች ዕለት የመጀመሪያዎቹ ተጫዋቾች እኛ ነበርን። ሳንቲም ጨመርን፤ እሳቸው በግራ ቀዩን፣ እኔ በቀኝ ሰማያዊውን ያዝን። ጨዋታው የሚጀምረው ከወደቡ መጋዘን ነው።

ያን ቀን ከወትሮው የባሰ ግራ ገባኝ። ሳልተኩስ ጥይቴ ያልቃል። ጥይቴ ሞልቶ እያየሁት ሽጉጤ ቀጭ ቀጭ ብቻ ይላል። ጭንቀቴ ጣቴ ላይ ወጣ ብዬ አሰብኩ፤ ሌላ ምክንያት ሊኖር እንደሚችል አልታየኝም። በዚህ መሃል ከበርሜሎቹ ጀርባ ነጭ ሸሚዙ «አትተኩሱ!» ብሎ ዘለለ። ዓይኔን ጨፈንኩ። ሁለታችንም እየተኮስን ነበር። ስገልጥ ሰውየው ወድቋል።

እትዬ ሳዋኖ እንደ ልማዳቸው ወደ ታች ሳያዩ «የማን ልብ ነው የወደቀው?» አሉ።

አየሁ። የወደቀው በግራ ነው። ቀዩ።

«ልጄ፣ የማን ነው አልኩሽ?»

መዋሸት አልችልም። ወደ ግራ ጥግ ብቻ አየሁ፤ እሳቸውም ዓይኔን ተከትለው፣ ካወቅኋቸው ጀምሮ ለመጀመሪያ ጊዜ ታች አዩ።

ሽጉጡን ቦታው መለሱት። ጨዋታው ገና አላለቀም ነበር፤ ክፉዎቹ ብቅ እያሉ በነፃ ተኮሱብን። ቦርሳቸውን ከፍተው ከረሜላ መዘው እጄ ላይ አኖሩልኝ። አላጎረሱኝም።

«ዓይኔ ነው እንግዲህ» አሉና ወጡ።

የሚቀጥሉት ቀናት ከሂባሪ ድምፅ አልወጣም። አቶ ካባያ መወልወያውን ይዞ በሩ ላይ ይቆማል። እኔ የምተኩሰውን ሸሚዝ እየተኮስኩ ያን አንድ ነጭ ሸሚዝ አስባለሁ። ዓርብ ጠዋት እትዬ ሳዋኖ ጥቁር ኮታቸውን ለብሰው፣ ነብሩን ሳይለብሱ፣ በእጥበት ቤታችን ፊት አለፉ። «ፖሊስ ጣቢያ ደርሼ ልምጣ» አሉ፤ አትክልት ልግዛ እንደሚል ሰው። ብከተላቸው ምን እላለሁ? ባልከተላቸውስ?

አቶ ካባያ ከወዲያ ማዶ በእጁ ጠራኝ። «ነይ አንዴ ተኩሺ እስቲ» አለኝ። «ማሽኗም ከፍቷታል። እንደዚህ ቆመን ከምንተያይ።»

ሳንቲም ጨምሬ በራሴ በኩል በቀኝ ጀመርኩ። ሰማያዊውን አንስቼ ሳብኩ። ምንም። እንደገና ሳብኩ። ቀጭ።

«ይኼኛውም ሞተ» አልኩ፤ ማልቀስ ከጀለኝ።

«ኧረ ተይ! በቅርቡ ነው እኮ የጠገንኩት። ምናልባት ቀዩ ነው የሚረብሻት» ብሎ አቶ ካባያ ቀዩን አንስቶ ዝም ብሎ ወደ ስክሪኑ ተኮሰ። በቀኝ ጥግ፣ የእኔ ጥይት ቀነሰ።

ተያየን። እንደገና ተኮሰ። እንደገና ቀነሰ።

«ሶኬቶቹ» አለ ቀስ ብሎ። «ሁለቱም አንድ ዓይነት ናቸው። ቺጉሳ… አቀያይሬ ሰክቻቸዋለሁ።»

ስለዚህ በዚያን ቀን ሰማያዊው ቀይ፣ ቀዩ ሰማያዊ ነበር። በግራ የወደቀው ልብ የእኔ ጥይት ያወረደው ነው። እሳቸው ዕድሜያቸውን ጠረጠሩ፣ እኔ ጣቴን ጠረጠርኩ፤ ማሽኗን የጠረጠረ ሰው አልነበረም።

ሮጥኩ። እኔ የምሮጥ ሰው አይደለሁም፤ ሰው ያየኛል። ያን ቀን ዓሣ ሻጩም፣ ቢላ ሻጩም፣ ሁሉም አየኝ።

የፖሊስ ጣቢያው አዳራሽ ጸጥ ብሏል። እትዬ ሳዋኖ ቦርሳቸውን ጉልበታቸው ላይ አድርገው ተቀምጠዋል፤ ግራና ቀኛቸው ያሉት ሰዎች ጉንጭ በከረሜላ አብጧል። እኔ በሩ ላይ ስደርስ በመስኮቱ ያለው ፖሊስ «ወይዘሮ ሳዋኖ» ብሎ ጠራ። ተነሡ። ካርዱን ከቦርሳቸው አወጡ።

አፌን ከፈትኩ። ልናገር የፈለግኩት ስለ ሶኬት ነበር። የወጣው ግን ሌላ ነው።

«እትዬ ሳዋኖ! ሰውየውን የገደልኩት እኔ ነኝ!»

ከረሜላ የሚመጥ አፍ ሁሉ ቆመ። ፖሊሱ ቀስ ብሎ ከወንበሩ ተነሣ።

«የቱን ሰውዬ?»

«ነጭ ሸሚዝ የለበሰውን።»

«የት ነው የገደልሽው?»

«ወደቡ ላይ። መጋዘን ውስጥ።»

ሳካይ ወደብ አላት፤ መጋዘንም ሞልቷል። ፖሊሱ እስክሪብቶ አነሣ።

እትዬ ሳዋኖ ግን እኔን ብቻ ነበር የሚያዩት። «ጆሮው ላይ ነው የመታሽው?» አሉ።

«አላውቅም። ዓይኔን ጨፍኜ ነበር።»

«ጆሮው ላይ ነው። አይቼዋለሁ፤ ሲገርመኝ ነው የሰነበተው። እኔ ጆሮ መትቼ አላውቅም።»

በዚህ መሃል አቶ ካባያ ላብ በላብ ሆኖ ገባ። «እሷ አይደለችም ጥፋተኛዋ! ገመዱን ያቀያየርኩት እኔ ነኝ!» ፖሊሱ እስክሪብቶውን አስቀመጠ። ነገሩ እስኪብራራለት ድረስ የተቀሩት ባለጉዳዮች ተራቸውን ረስተው ከበቡን። አንድ ሽማግሌ «ውጪ ሲተኩሱ የሚጎርሰው ጨዋታ ነው? አሁንም አለ?» ብለው ጠየቁ፤ እትዬ ሳዋኖም የሂባሪን አድራሻ ነገሯቸው።

«እንግዲያው መንጃ ፈቃዱን አይመልሱም?» አለ ፖሊሱ።

«እሱንማ ውሰደው። ተራ ጠብቄ ባዶ እጄን ልመለስ እንዴ? ለመለሰ ሰው የአውቶቡስ ቅናሽ አለ አይደል?» ካርዱን ሰጡት። ከዚያ ወደ እኔ ጎንበስ ብለው ድምፃቸውን ዝቅ አደረጉ። «መንገድ ላይ ብቅ የሚለው ሰው እውነተኛ ነው፣ ልጄ። እዚያ ውጪ ተኩሶ ማጉረስ የለም።»

«ናጎያስ?»

«ናጎያ ለገደለ ሰው ነው። እኔ ምን አጠፋሁ?» አሉና አፌን አስከፍተው ከረሜላ አጎረሱኝ።

አሁን ሶኬቶቹ በቦታቸው ናቸው። የነብሩ ሹራብም ወደ ትከሻቸው ተመልሷል፤ ኖቡአኪም የምን ታጋች እንደሆነ መጠየቁን አላቆመም። እትዬ ሳዋኖ በአውቶቡስ ይመጣሉ፤ ሾፌሩን ከኋላው ቆመው እንደሚያርሙት ሰምቻለሁ።

ግን አንዳንዴ ቀዩ ሽጉጥ ሲነሣ ጫፉ ትንሽ ይንቀጠቀጣል። ቃታው አይደለም፤ ቃታው ተጠግኗል። አንድ ቀን ነጭ ሸሚዙ ብቅ ይላል፣ በግራ በኩል አንድ ልብ ይወድቃል፣ እሳቸውም ወደ ታች ሳያዩ «የማን ነው?» ይሉኛል። ይህ ቀን ይጨንቀኛል። ስለዚህ ልብስ ስተኩስ፣ ማንም በሌለበት፣ ድምፄ ሳይንቀጠቀጥ፣ ዓይኔም ወደ ግራ ሳያይ እየተለማመድኩ ነው።

«የእኔ ነው፣ እትዬ። የእኔ።»