ሽማግሌ የተላከለት ዲግሪ

ወላሂ አታምኑኝም። የጀልዴሳን ግመል ሁሉ አሰልፌ ምስክር ባቆም እንኳ «ግመሎቹንስ ማን አስጠናቸው?» ትላላችሁ። አልፈርድባችሁም፤ እኔም እዚያው ባልነበርኩ ኖሮ አላምነውም ነበር።

ድሬዳዋ ውስጥ ከውጭ የመጣ ነገር አባቱ ማን ነው ተብሎ አይጠየቅም። ሸሚዝ ይሁን ሽቶ፣ ፓስታ ይሁን ፍራሽ፣ «የውጭ ነው» ከተባለ ሰው ዳብሶ፣ አሽትቶ፣ ራሱን ነቅንቆ ይገዛል። ቀፊራ ገበያ ገብታችሁ «ይህ ሸሚዝ ከተሰፋበት አገር ማረጋገጫ ይምጣልኝ» ብትሉ፣ አቦ፣ ሻጩ ፀሐይ የመታችሁ መስሎት ውኃ አጠጥቶ ጥላ ሥር ያስቀምጣችኋል። እኔ ይህን እያየሁ ነው ያደግኩት። ከውጭ መጥቶ የሚጠረጠር ዕቃ አለ ቢሉኝ እስቅ ነበር። ለካ አለ። ዲግሪ ነው።

እኔ የትምህርት ቤት ደጅ አልረገጥኩም። ፊደል የቆጠርኩት ሰፈራችን መልካ ጀብዱ፣ መንገድ ዳር ተቀምጬ፣ በሚያልፈው አይሱዙ ጀርባ ላይ ነው፤ ስለዚህ እየሮጠ የሚሄድ ጽሑፍ አያቅተኝም፣ ቆሞ የሚጠብቀኝ ነው የሚያስቸግረኝ። የእህቴ የፋጡማ ልጅ ሙና ግን የእኔንም ድርሻ ደርባ ተማረች። ሕንድ አገር ከርማ በባዮሎጂ ዲግሪ ይዛ መጣች። መልካ ጀብዱም በዚያው ቀን «ዶክተር» ብሎ ሾማት። «ኧረ ዶክተር አይደለሁም፤ ሕክምና ለመማር ገና ላመለክት ነው» ብትል ማን ይስማት? አንዱ ጎረቤታችን የሚያነክስ ፍየሉን እየጎተተ መጣ። ሙና ይሉኝታ ያዛትና እግሩን ብታይለት እሾህ ነው፤ ነቀለችለት፣ ፍየሉም እየዘለለ ሄደ። ከዚያ ወዲያ መልካ ጀብዱን ማን ይመልሰዋል?

በሌላ ትምህርት ዲግሪ የያዘ ሰው ሕክምና መግባት ይችላል ተብሎ ነበርና ሙና ፈተናውን ተፈትና አለፈች። ያለፈችው እሷ ናት እንጂ ዲግሪዋ አላለፈም። መጀመሪያ አዲስ አበባ ሄዶ «ከኛዎቹ ዲግሪዎች ጋር እኩል ነው» መባል ነበረበት። አቻ ግምት ይሉታል። እሱን ስታስጨርስ የአምናው ምዝገባ አመለጣት። ዘንድሮ ደግሞ ትራንስክሪፕት መጣ፤ በየትምህርቱ ያመጣችው ውጤት የሰፈረበት ወረቀት ነው። እሷ ይዛዋለች፣ እኔም በዓይኔ አይቼዋለሁ፣ ማኅተሙ የብርቱካን ያህላል። አይሆንም፣ ከሕንዱ ዩኒቨርሲቲ በቀጥታ ለሕክምና ትምህርት ቤቱ መላክ አለበት ተባለ። ሕንዶቹ «ልከናል» ይላሉ። የሕክምና ትምህርት ቤቱ ሬጅስትራር አቶ ግርማ ደግሞ «አልደረሰኝም» ይላሉ። ምዝገባው ዓርብ ሊዘጋ ነው። ልጅቷ ምግብ ተወች፤ ዘንድሮም ካመለጠኝ ሁለተኛ አልሞክርም፣ ኢንዱስትሪ ፓርክ ገብቼ የሸሚዝ ቁልፍ እተክላለሁ ብላ ለእናቷ ነገረቻት።

እዚህ ላይ ነው የኔ ጭንቅላት ሥራ የጀመረው። አንድ ሰው እምቢ ሲል እኛ ምን እናደርጋለን? ባልና ሚስት ሲጣሉ፣ ባጃጅ ከባጃጅ ሲጋጭ፣ የሰው በሬ የሰው ማሽላ ሲበላ ምን ይደረጋል? ሽማግሌ ይላካል። ታዲያ ሬጅስትራር ከበሬ በምን ይበልጣል?

ሁለት ሰዎች መረጥኩ። አንደኛው ሐጂ ኡመር ናቸው፤ ዝም ብለው ሲቀመጡ እንኳ ሰው ጥፋቱን ያምንላቸዋል። ሁለተኛው ጋሽ ወልዴ፣ የጥንት የምድር ባቡር ሠራተኛ፣ ያላጋቡት ሰው ድሬ ውስጥ የለም። ሦስተኛው እኔ ሆንኩ፤ ዕድሜዬ ባይደርስም ዱላ ተውሼ ደረስኩ። ለሙና አልነገርናትም። የተማረ ሰው እንዲህ ያለውን ጥሩ ሐሳብ ቀድሞ ከሰማ ያበላሸዋል።

እሑድ ጠዋት ሦስታችንም አንድ ባጃጅ ውስጥ ተጠቅጥቀን፣ ዱላዎቻችንን በጎን አውጥተን፣ ከዚራ ሰፈር፣ አቶ ግርማ ቤት ደረስን። በሩን የከፈቱልን ባለቤታቸው ወይዘሮ አልማዝ ናቸው። ሦስት ዱላ፣ ሁለት ነጭ ጋቢ፣ አንድ ኮፍያ አዩ። «ግቡ፣ ተቀመጡ» ቢሉን በወጉ መሠረት «ጉዳያችን ሳይሰማ አንቀመጥም» ብለን ቆምን። ያኔ የሴትዮዋ ፊት እንዴት እንደበራ ልነግራችሁ አልችልም። ወደ ጓዳ ሮጡ። አንዲት ቆንጆ ልጅ ከሳሎኑ በጥድፊያ ወጣች፣ በር ተዘጋ፣ ሳህን ተንኳኳ። ወዲያው የማንጎ ጭማቂና የምስር ሳምቡሳ ተደረደረ፤ የድሬ ቤት ብልህ ነው፣ ክርስቲያኑም እስላሙም የሚበላውን ያውቃል። እኔ በሆዴ፣ የሕክምና ሰዎች አመልካች እንዲህ ያከብራሉ እንዴ፣ አልኩ።

አቶ ግርማ በፒጃማቸው ላይ ኮት ደርበው ወጡ። ጋሽ ወልዴ የሚያውቁት ንግግር አንድ ነው፣ እሱኑ ለቀቁት። የቤተሰባችንን ጨዋነት፣ የልጃችንን ጭምትነት፣ ከሕንድ የመጣውን ዲግሪ ከነከተማው ጠሩ። ስም ግን አልጠሩም፤ በሳቸው ሕግ በመጀመሪያው ቀን ስም መጥራት ችኮላ ነው። «ልጃችንን ተቀበሉን» ብለው ጎንበስ ሲሉ እኛም ጎንበስ አልን። አቶ ግርማ ጉሮሯቸውን ጠረጉና «ዲግሪው አቻ ግምት ተሠርቶለታል?» ብለው ጠየቁ። ተሠርቶለታል አልን። «ትራንስክሪፕቱስ?» አሉ። መንገድ ላይ ነው ይባላል አልን። ባለቤታቸው በክርናቸው ጎሰም ሲያደርጓቸው አየሁ። ከዚያ አቶ ግርማ «በቤተሰብ እንመካከርበት፤ ሁለት ሳምንት ቆይታችሁ ተመለሱ» አሉን።

እኛ ይህን ቋንቋ እናውቀዋለን። ዛሬውኑ እሺ የሚል ጨዋ ቤት የለም፤ «እንመካከር» ከተባለ አለቀ ማለት ነው። ሐጂ ኡመር ሳህኑን ባዶ አድርገው መረቁ። ትከሻ ለትከሻ ተሳስመን ወጣን። እኔም ባጃጁ ውስጥ ሆኜ ለፋጡማ ደወልኩ፣ እልልታው ያለ ስልክም ይሰማ ነበር።

ቤት ስንደርስ ሙና በር ላይ ቆማ ጠበቀችን። «አቡያ፣» አለችኝ፣ የእናት ወንድም በኛ አፍ እንዲህ ነው የሚጠራው፤ «ምዝገባው ዓርብ ይዘጋል። ሁለት ሳምንት የምትለኝ ምንድን ነው? ደግሞስ ሰውየው ስለኔ ፋይል ከሚስታቸው ጋር የሚመካከሩት ምን አለ?» እኔ ሳምቡሳውን፣ ጭማቂውን፣ የተዘጋውን በር በኩራት ዘረዘርኩላት። ሙና ግድግዳ ተደገፈች። «አቡያ፣ ሴት ልጅ አላቸው?» አለችኝ።

አንዳንድ ጥያቄ መልስ አይፈልግም፣ ባጃጅ ነው የሚፈልገው። የሰው ሴት ልጅ በባዶ የጋብቻ ተስፋ አታድርም ብላ ሦስታችንንም አስከትላ ከዚራ መለሰችን። መንገድ ላይ ጋሽ ወልዴ ብቻ «እኔ እንኳ የጀመርኩትን ጋብቻ አቋርጬ አላውቅም» እያሉ አዘኑ።

ስንገባ አቶ ግርማ ስልካቸውን ወደ አፍንጫቸው አስጠግተው ተቀምጠዋል። ኋላ እንደተረዳነው፣ እኛ ከወጣን ጀምሮ የአማቻቸውን ዲግሪ ሲያጣሩ ነበር። በሥራ ቀን ያልከፈቱትን የኢሜይል ሳጥን፣ ያንን የማይረባ መልእክት የሚጣልበትን እንኳ፣ እሑድ ቀን በርብረውታል። የሕንዱን ከተማ ስም ቢፈልጉ አንድ ትራንስክሪፕት ከነማኅተሙ እዚያ ተኝቶ አገኙ። ውጤቱ አኮራቸው፤ ስሙ ግን «ሙና» ይላል። ስንደርስ ከባለቤታቸው ጋር ሙና የወንድ ስም ይሆናል አይሆንም እየተከራከሩ ነበር።

ሙና እጅ ነስታ ሁሉንም ነገረቻቸው። ፈላጊዋ እሷ እንደሆነች፣ የፈለገችውም የሕክምና ትምህርት ቤቱን ብቻ እንደሆነ፣ ሽማግሌዎቹም ክፋት እንደሌለባቸው። አቶ ግርማ አንድ ጊዜ እሷን፣ አንድ ጊዜ ስልኩን አዩ። ከዚያ ሬጅስትራርነታቸው ተመለሰና፣ ዓይናቸውን መሬት ላይ ጥለው፣ «ደርሷል… ሰነዱ ተሟልቷል። ነገ ጠዋት መጥተሽ ተመዝገቢ» አሏት። ሙና ፊቷን በሻሿ ሸፈነች። ሐጂ ኡመር እጃቸውን ለዱዓ ዘረጉ። እኔ ዱላዬን እንደ ራሴ ዱላ አቅፌ ቆምኩ።

ወይዘሮ አልማዝ ግን አልተንቀሳቀሱም። የተዘጋውን የጓዳ በር አዩ፣ እኛን አንድ በአንድ አዩ፣ በመጨረሻም ጠረጴዛው ላይ የቀረውን ባዶ ሳህን አዩና ወደ ባላቸው ዞረው፦

«እና ያ ሁሉ ሳምቡሳ የተበላው ለትራንስክሪፕት ነው?»